አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ብራውዘር፦ ፋይዳ አለው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለቡ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ ቤት ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። አዲስ ብራውዘር ብጭንበት ዋጋ አለው?» አለኝ።

አለው! ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን ታይፕራይተር ከ200 በላይ ለሆነው ፊደላችን ያስማሙት የፈረንጅ ማሽን ነው ብለው ስላልተዉት ነው።

ኮምፒውተሩም ላይ ያው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 የወጣው ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት አልነበረውም፤ ማይክሮሶፍት «ኒያላ»ን ያመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ እንደ ሱፐርሚየም ያለ ለኤክስፒ የተስማማ ብራውዘር ገጹን ቢከፍትም፣ ፎንት ካልተጫነ አማርኛው ሳጥን ብቻ ነው።

ደግሞ የኤክስፒ ድጋፍ በ2014 ቆሟል። አንብቡበት፣ ተማሩበት፤ የባንክ ፓስወርድ ግን እንዳትጽፉበት!