«የማዳመጫ ክፍል» ወይስ «ምስማዕ»?

ፈረንጆች «ሊስኒንግ ሩም» የሚሉትን፣ ማለትም ሰው ለወግና ለመጠጥ ሳይሆን ዜማውን ለመስማት ብሎ የሚገባበትን አነስተኛ የሙዚቃ ቤት፣ አንዳንድ ጸሐፍት «የማዳመጫ ክፍል» እያሉ መጥራት ጀምረዋል። ማዳመጫ ግን በልሳናችን በጆሮ የሚሰካው ወይም ሐኪም በደረት ላይ የሚያሳርፈው መሣሪያ ሲሆን፣ ክፍልም የተማሪና የሕሙማን ነውና፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ በአንባቢው ሕሊና የሚመጣው የጆሮ ምርመራ እንጂ ማኅሌት አይደለም።

የቤቱን ጠባይ ለማወቅ በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ያለውን «ስቴሽን ኢን» ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሞ፣ በ1978 ጋልች ወደተባለው ሰፈር ተዛውሮ፣ ከ1981 አንሥቶ ባለቤቱ ጄ. ቲ. ግሬይ በ2021 እስኪያርፍ ድረስ በእርሱ እጅ የኖረው ይህ ዝቅ ያለ ቤት፣ ዙሪያውን ፎቅ ሲከብበው ብሉግራስ የተባለው ሙዚቃ ደብር እንደሆነ ጸንቷል። (ይህንንም ሙዚቃ «ሰማያዊ ሣር» የሚሉ አልጠፉም፤ ስሙ ግን የኬንተኪው ተወላጅ ቢል ሞንሮ በግዛቱ ቅጽል ስም ከሰየመው የሙዚቃ ጓድ የመጣ ነውና እንዳለ ይተው።) በብሉግራስ ልማድ ከበሮ የለም፤ ማንዶሊን መቺው አውታሩን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ምቱን ሲጠብቅ ባንጆው ይፈጥናል፤ ታዳሚውም በጸጥታ ሰምቶ፣ አንዱ ተጫዋች ተራውን ሲፈጽም ያጨበጭብለታል።

«አዝማሪ ቤት እንበለውና እንገላገል» የሚል አለ። በአዝማሪ ቤት ግን እንግዳው ራሱ «ተቀበል!» እያለ ግጥም የሚሰጥ የጨዋታው ተካፋይ ነው፤ ስሙን ለሌላ ብንሰጥ የራሳችንን ሥርዓት እናደበዝዛለን። «አዳራሽ»ም ለግብርም ለጉባኤም የተገባ ሰፊ ስፍራ ነው።

እኔ የምመርጠው «ምስማዕ»ን ነው። ከሰገደ «ምስጋድ»፣ ከሦዐ «ምሥዋዕ» እንደወጣ ሁሉ፣ ስምዕንና ሰማዕትን ከወለደው ከሰምዐ ሥር የመስሚያው ስፍራ «ምስማዕ» ቢባል ከሊቃውንቱ አገባብ አንወጣም። «ከምስማር ጋር ይምታታል» ብሎ የሚሥቅ ይኖር ይሆናል፤ ምሥራቅን ከምሥራች ለይቶ የኖረ ጆሮ ግን ይህ አይቸግረውም። ግእዝን የመሰለ ጎተራ ከጓሮ እያለ ቃል በቃል መገልበጥ ስንፍና እንጂ ዘመናዊነት አይደለም።

እንግዲህ ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች «ምስማዕ» ብላችሁ ጻፉ፤ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣና እንከራከርበት፤ «የማዳመጫ ክፍል»ን ግን ለሐኪሞች እንተውላቸው።