ርስት ያለውና ርስት የሌለው

በአገራችን የተለየ መብት የማን ነበር? ተብለን ብንጠየቅ፥ ሁላችንም ፈጥነን የምንጠራው ንጉሡን፥ መኳንንቱንና ታላላቆቹን ካህናት ነው። ይህም ሐሰት አይደለም። ንጉሥ ጉልት የሰጠው መኰንን ወይም ደብር የገበሬውን ግብር ይበላ ነበር፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የጎንደሩ ቍስቋምም ብዙ ጉልት ነበረው። እኛ ግን ልናነሣ የወደድነው በራሱ በገበሬው ቤት ስለ ነበረው ብልጫ ነው።

ይህም ብልጫ ርስት ነው። ሰው በአባቱም በእናቱም ትውልዱን ቈጥሮ፥ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ከደረሰ ድርሻውን ይጠይቃል። ባላገሩ ልብሱ ቢያልቅ፥ ጎተራው ቢጎድል እንኳ ባለርስት ነውና አንገቱን አያቀረቅርም። የሚያኰራ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሩ ለሁሉ አልተከፈተም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይሥሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፥ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። በኋለኛው ዘመን ብዙዎቹ በሰው መሬት ጢሰኛ ሆነው፥ በብረት ቅጥቀጣና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በጣና ዳርም የወይጦ ሰዎች ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከገበታው ይለያቸው ነበር፤ ከደንገል በሠሩት ታንኳ ግን ማንም ቢሳፈር አልተጸየፈም።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ያለ ማረሻ ርስት ምን ይጠቅማል? ያለ ምጣድስ እንጀራ ከየት ይገኛል? ማረሻውን የሠራው ሰው ግን ቡዳ ይባል ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። በ1967 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 31 ደግሞ ርስቱንም ጢሰኛነቱንም ሽሮ፥ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚወድ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር መሬት እንዲሰጥ ፈቀደ። በግንቦት 1983 ዓ. ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ አልቋል እንዳንል የራሳችን ነገር ይከለክለናል።

ልጆች ሳለን ወደ ማክሰኝት ገበያ ስንወርድ በቀጥቃጭ ደጅ የምናልፍ እንደ ሆነ፥ ዓይኑ እንዳያርፍበት ስንቃችንን በነጠላ እንሸፍን ነበር። በታችኛው ክፍል ሳለንም አንድ የቀጥቃጭ ልጅ አብሮን ይማር ነበር፤ ምሳውን ሁልጊዜ ለብቻው ይበላል። ማንም አልከለከለውም፥ ና ያለውም የለም። በሒሳብ ከሁላችን ይበልጥ ስለ ነበረ ደብተሩን እየለመንን እንገለብጥ ነበር፤ መክሰሳችንን ግን አላካፈልነውም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ አያቱን፥ «አባባ፥ ማረሻችንን ማን ይሠራልን ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የቀጥቃጩን ስም፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳይቀር ቈጥረው ነገሩት። «ቤታችን ገብቶ ያውቃል?» ቢላቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «እስከ ደጃፉ» አሉት።