ምጥ ስለዘገየ ብቻ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል?

በኦፕራሲዮን መውለድ፣ በዕብራይስጥ «ኒቱአሕ ቄይሳሪ» የሚባለው፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሲደረግ የእናትንም የልጅንም ሕይወት ያድናል። ሳያስፈልግ ሲደረግ ግን ጉዳት አለው። ቁስሉ እስኪድን ጊዜ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው እርግዝናም የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሊጣበቅና ብዙ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ብዙ ልጆች መውለድ ለምትፈልግ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀደም ሲል አሜሪካዊው ሐኪም ኢማኑኤል ፍሪድማን በ1950ዎቹ ባደረገው ጥናት ላይ በመመሥረት፣ የማሕፀን በር በየሰዓቱ 1 ሴንቲሜትር ካልተከፈተ ምጡ ተጓተተ ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ግን ይህ ፍጥነት ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ ገልጿል። የማሕፀን በር 5 ሴንቲሜትር እስኪደርስ ምጡ ዝግ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ምጥ በመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ በሚቀጥሉት ደግሞ እስከ 10 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እናትየዋና የሕፃኑ የልብ ምት ደህና ከሆኑ፣ መዘግየቱ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም።

የሕፃኑ የልብ ምት ከተዳከመና ካልተስተካከለ፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ከዘጋ፣ ሕፃኑ አግድም ከተኛ ወይም እትብቱ ቀድሞ ከወጣ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ማመንታት አይገባም።

የአሽዶድ እናቶች ድሮ ለመውለድ ወደ ሬሆቮት ወይም ወደ አሽቀሎን ይሄዱ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ግን አሱታ ሆስፒታል በከተማው አለ። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከኢትዮጵያ የመጡ እናቶች ከሌሎች ይልቅ በኦፕራሲዮን የመውለድ እድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ነገሩን መረዳትና መጠየቅ ይጠቅማል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

• እናት፣ አክስት ወይም ባል ከወላዷ አጠገብ ሳይለዩ ቢሆኑ ይረዳል፤ እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ኦፕራሲዮንን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል።
• ቋንቋው ካልገባ አስተርጓሚ ይጠየቅ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች የትርጉም አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል።
• ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሲል «ምክንያቱ ምንድን ነው? መጠበቅ ይቻላል? ብንጠብቅ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።
• ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት እንደ ጠባሳው ዓይነት በምጥ ልትወልድ ትችላለች፤ ከመውለጃዋ ቀን በፊት ከሐኪሟ ጋር ትመካከር።