በቅሎ ለመንገዱ፣ ፈረስ ለጦርነቱ፦ ሁለት መኪና ላለው ሰው የታሪክ ምክር

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የስፖርት መኪና አላችሁ እንበል። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ስትነሳ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ የምትለጥፍ ዓይነት። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አለ፣ ገበያ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጉድጓድ የበዛበት የሰፈር መንገድም አለ። ስለዚህ ሌላ መኪና ያስፈልጋችኋል፤ የዘወትር መኪና። ምን ዓይነት ትመርጣላችሁ?

ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ የስፖርት መኪናዋን የምትመስል፣ ትንሽ ለስለስ ያለች ሌላ ፈጣን መኪና ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡን ሁሉ በስፖርት መኪናዋ ላይ ስለጨረሰ ለዘወትሩ ያገኘውን ርካሽ ነገር ይገዛል። «መኪና የቅንጦት ጉዳይ ነው፣ ታሪክ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ያገባዋል እንጂ! ይህ ጥያቄ ከመኪና በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በኢትዮጵያ ደጋ ይኖሩ የነበሩ መኳንንትና ወታደሮች በየቀኑ ይመልሱት ነበር፤ ስህተቱም ሕይወት ያስከፍል ነበር።

ንጉሥም በበቅሎ ይሄዳል

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። የጻፈው መጽሐፍ ስለዚያ ዘመን ካሉን ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው። አልቫሬዝ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተከበው ሲጓዙ አይቷል። የተቀመጡት ግን በፈረስ ላይ አልነበረም፤ በበቅሎ ላይ ነበር።

ከእሱ በኋላ በየዘመኑ የመጡ ተጓዦችም ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። ትልቅ ሰው መንገድ ሲወጣ በበቅሎ ይቀመጣል፤ ፈረሱ ደግሞ ማንም ሳይቀመጥበት በአገልጋይ እየተሳበ ይከተላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ላየው እንግዳ ነገሩ ግራ ያጋባል። ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን ባዶውን እያስኬደ በበቅሎ መሄዱ ምን ይሉታል?

መልሱ ቀላል ነው። ፈረሱ የተያዘው ለጦርነት ነው። በመንገድ ላይ የደከመ ፈረስ በጦር ሜዳ አይጠቅምም። ከበስተኋላ ደግሞ ጓዝ የሚሸከሙ አጋሰሶችና አህዮች ይመጣሉ። ልብ በሉ፦ አንድ ጌታ በዘመኑ ሦስት ዓይነት «መኪና» ነበረው። አጋሰሱ የጭነት፣ በቅሎዋ የዘወትር፣ ፈረሱ የስፖርት።

ለምን በቅሎ? ሳይንሱን እንየው

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። አባቷ አህያ ስለሆነ አፍራ ነው አሉ። በሥነ ሕይወት ዓይን ግን የምታፍርበት ምክንያት የለም። እናቷ ባዝራ (ሴት ፈረስ)፣ አባቷ አህያ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ወስዳ 63 ይኖራታል። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑና ክሮሞሶሞቹም በደንብ ስለማይጣመዱ ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር አትወልድም። በምትኩ ግን የሁለቱንም ወገን ጥሩ ጠባይ ትወርሳለች። ቁመቷና ጉልበቷ ወደ እናቷ ያደላል፤ ጠንካራና ጠባብ ሰኮናዋ፣ ባገኘችው መኖ መጽናናቷና ጥንቃቄዋ ወደ አባቷ።

ጥንቃቄዋን ሰው «ግትርነት» ይለዋል። ፈረስ ሲደነግጥ መሮጥ ይቀናዋል። በቅሎ ግን ትቆማለች፤ ታያለች፤ መንገዱ ካላመናት አትረግጥም። የዓባይን ወይም የተከዜን ሸለቆ በጠባብ የገደል መንገድ ለሚወርድ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም።

ሌላም አለ፤ በሽታ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው የቫይረስ ሕመም ደቃቅ በሆኑ ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሞቃትና እርጥበት ባላቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ይበረታል። የተያዙ ፈረሶች አብዛኞቹ ይሞታሉ። በቅሎዎች በተሻለ ይቋቋሙታል፤ አህዮች ደግሞ ከሁሉም በላይ። ከደጋ ወደ ደጋ ለመሻገር ቆላ መውረድ ግድ በሆነበት አገር ሕይወቱን በፈረስ ብቻ ላይ የጣለ መንገደኛ መሀል ቆላ ላይ በእግሩ ሊቀር ይችላል።

ምቾቱንም አንርሳ። ሰጋር በቅሎ የሚባለው ዝም ብሎ የውዳሴ ቃል አይደለም። ሲሰግሩ በአንድ ወገን ያሉት የፊትና የኋላ እግሮች አንድ ላይ ወይም ተከታትለው ይንቀሳቀሳሉ። በሶምሶማ ሩጫ ጊዜ እንዳለው ከፍ ዝቅ ማለት የለም፤ የተቀመጠው ሰው ወገቡ አይንገላታም። በዛሬ ቋንቋ ጥሩ ሞላና አሞርቴዘር ያላት መኪና ማለት ነው።

የወራት ጉዞ፣ የሰዓታት ጦርነት

አሁን ወደ አድዋ እንሂድ። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሱ። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ነው። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። ርቀቱ በዛሬው የመኪና መንገድ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በመሀል የአምባላጌና የመቀሌ ውጊያዎች ነበሩ። የአድዋው ውጊያ ራሱ ግን ማለዳ ተጀምሮ በዚያው ዕለት አለቀ።

ቁጥሩን አነጻጽሩት። ከመቶ በላይ ቀናት መጓዝና መስፈር፤ ለአንድ ቀን መፋለም። በበቅሎ የሚጓዘው ጊዜ ፈረስ ከሚጋለብበት ጊዜ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ያቺ አንድ ቀን ስትመጣ ፈረሱ ትኩስ መሆን ነበረበት። በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ የወረደው የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ጦር በቀኑ ውጤት ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እነዚያ ፈረሶች መንገዱን ሁሉ ሙሉ ጭነት ተሸክመው ቢመጡ ኖሮ እንዲያ መጋለብ ይችሉ ነበር?

አይችሉም ነበር። ፈረስ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስንቅ በፍጥነት እያቃጠለ ነው። ስንቁ ለደቂቃዎች እንጂ ለቀናት አይሆንም። ከስቶና ቆስሎ የደረሰ ፈረስ ያ ስንቅ የለውም።

ክብሩ ግን ለፈረሱ ነበር። ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እነዚህን ሁሉ ለወራት ተሸክማ ያደረሰችው በቅሎ ግን ለጌታዋ ስም አላወጣችለትም።

ውዷ የትኛዋ ነበረች?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ስሙ ለፈረስ ከሆነ ገንዘቡም ለፈረስ ይመስለናል፣ አይደል? ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደመዘገቡት ጥሩ ሰጋር በቅሎ ብዙ ጊዜ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ ታወጣ ነበር። ንጉሥ የሚወደውን ሰው ሲሸልምም በቅሎ ከነኮርቻዋ መስጠት የታወቀ ክብር ነበር።

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ለዘወትሩ ያገኘሁት ይበቃኛል» አላሉም። እናቶችም ያልኩት በምክንያት ነው፤ እመቤቶችና ካህናትም የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥባት፣ ገደል ለሚያሻግረው እንስሳ ጥሩ ዋጋ ይከፍል ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው። በዓመት ሃያ ቀን የምትነዳ መኪና ብትከፋ ሃያ ቀን ታማርራችኋለች። በየቀኑ የምትነዳዋ ብትከፋ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው።

ፈረሱን የሚስበው ሰው

ይህን ታሪክ ግን አሳምረን ብቻ ብንተወው እናጎድላለን። ጌታው በበቅሎ፣ ፈረሱ በእረፍት፤ ፈረሱን የሚስበው ሰውስ? በእግሩ ነበር። አብዛኛውን ጊዜም በባዶ እግሩ። ሣር የሚያጭደው፣ ውኃ የሚያጠጣው፣ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀውም እሱ ነበር። ጌታው ሁለት እንስሳ መያዝ የቻለው የሌላ ሰው ጉልበት ስለነበረው ነው። የአገልጋዩን ስም ደግሞ ታሪክ እንደ በቅሎዋ ረሳው።

ዛሬም ሁለተኛ መኪና በነጻ አይገኝም። ማቆሚያ ቦታ ትይዛለች፤ ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ ትፈልጋለች። ቆማ የምትውል መኪናም አታርፍም፤ ትጎዳለች። ባትሪዋ ይደክማል፣ ቤንዚኗ ያረጃል፣ ጎማዋ መሬት የነካበት ቦታ ላይ ሊጠፈጠፍ ይችላል። የጦር ፈረስ በየጊዜው ካልተገራና ካልተጋለበ እንደሚበላሸው ማለት ነው። ስለዚህ «የዘወትሯን የቱን ልምረጥ?» ከማለት በፊት «ፈረሱን የሚስበው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ቦታውን የሚከፍለው ማነው?

ፈረሱ አርማ ሲሆን

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦር ሜዳ ተሰለፉ። ከላያቸው ግን አውሮፕላን መጣ፤ መጀመሪያ ወረቀት በተነ፣ ኋላ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። የጦር ፈረስ ዘመን እያለቀ ነበር። ፈረሱ ቀስ በቀስ ወደ ጉግስ ጨዋታና ወደ በዓል ሄደ።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ፍራንቼስኮ ባራካ የሚባል ጣሊያናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር፤ በኋላ ተዋጊ አብራሪ ሆኖ በአውሮፕላኑ ላይ የሚዘል ፈረስ አሳለ። እ.ኤ.አ. በ1918 በጦርነቱ ሞተ። ኤንዞ ፌራሪ እንደተናገረው፣ በ1923 አንድ ውድድር ካሸነፈ በኋላ የባራካ እናት ፈረሱን ለመኪናው አርማ እንዲያደርገው ነገሩት። በ1929 የመሠረተው ቡድን ስም «ስኩዴሪያ ፌራሪ» ነው፤ ስኩዴሪያ ማለት በጣሊያንኛ የፈረስ ጋጣ ነው። ፖርሽም በአርማው ላይ ፈረስ አለው። በቅሎን አርማው ያደረገ ዝነኛ የስፖርት መኪና ግን ፈልጋችሁ አታገኙም!

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። የስፖርት መኪና የሚመካበት «የፈረስ ጉልበት» የሚባለው መለኪያ ከጀምስ ዋት የመጣ ሲሆን ወደ 746 ዋት ነው። ዋት ያሰላው የሚጋልብ ፈረስ ኃይል አልነበረም፤ ለሰዓታት ሲሠራ የሚውል ፈረስ ልፋት ነው። ጤነኛ ፈረስ ለጥቂት ሰከንድ ከአሥር የፈረስ ጉልበት በላይ ማውጣት ይችላል። መለኪያው የተወለደው ከዘወትር ሥራ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የቱን?

አንደኛ፣ የዘወትሯ መኪና የስፖርቷን አትድገም። በቅሎ ትንሽ ፈረስ ስላልሆነች ነው የጠቀመችው። የስፖርት መኪናችሁ ዝቅ ያለች ከሆነች የዘወትሯ ከመሬት ከፍ ትበል፤ ያቺ ሁለት ሰው ከያዘች ይህች አምስት ትያዝ። አጭር አጭር መንገድም ለዘወትሯ ተዉት፤ ዘይቱ ሳይሞቅ ተነድቶ የሚጠፋ ሞተር ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ አገራችሁን እዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና አዲስ አበባ ላይ 80 አካባቢ ነች። ተርቦ ያላት በአብዛኛው ታካክሰዋለች፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ኃይሉን አይነካውም። በቅሎ የምትመረጠው በገደሉ ነው፣ በስሟ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ሁለቱን በአንድ ባገኝስ?» የሚለውን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበችው ጎልፍ ጂቲአይ ይህን ሞክራለች፦ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ቤተሰብ የሚይዝ ወንበር፣ ዕቃ የሚጫንበት የኋላ በር። ፋብሪካው 5,000 ብቻ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ትውልድ ብቻ ከ450,000 በላይ ተሸጠች። ብዙ ሰው ሁለት እንስሳ የመቀለብ አቅም አልነበረውም፣ ወይም አልፈለገም። ሁለቱን መያዝ የማይችል ሰው ደህና ሰጋር በቅሎ ቢይዝ ምንም አልጎደለበትም።

ዛሬ መኪና ላይኖራችሁ ይችላል። ጥያቄው ግን ስልክ ስትገዙም፣ ጫማ ስትመርጡም፣ ጊዜያችሁን ስታከፋፍሉም ይመጣል። ልብ የሚሰቅለውን ነገር ለቀኑ አቆዩት፤ ለዕለት ተዕለቱ ደግሞ የማይጥላችሁን ምረጡ፤ ዋጋውንም አትንፈጉት። የአድዋ ዘማች ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። መንገዱ ረጅም፣ ገደሉም ጥልቅ ነበርና።