«ደኅና ነኝ» የሚሉ እናቶች

ገምጋሚዋ ነርስ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠየቀች። «ገላሽን ብቻሽን ትታጠቢያለሽ ወይ ነው የምትልሽ፣ እማዬ» አልኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ!» አለች። ልብስ መልበስስ? «ደኅና ነኝ።» ከአልጋ መነሣትስ? «ደኅና ነኝ በያት።» የዚያን ዕለት ጧት ካልሲዋን ያጠለቅሁላት እኔ ነበርኩ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቀችም ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር።

እኛ ባለንበት ቨርጂኒያ፣ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና ዋስትና ለአረጋውያን የቀን ማቆያ የሚከፍለው ሰውየው ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ድካም እንዳለበት ተመዝኖ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከአዲሱ ገበያ የመጣች ሴት ለማታውቃት ፈረንጅ «መታጠብ አቅቶኛል» ማለት አለባት። እኛ ሰፈር ሐኪም እንኳ «እንዴት ነዎት?» ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ምስጋና ነው፤ ሕመሙ የሚነገረው ለመሄድ ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ነው።

እናቴ አዲሱ ገበያ ስትኖር ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጥ ነበር። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች «በርቱ» ትላለች፤ ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሳይስማት አያልፍም። እኔ ጋ የመጣችው ልጆቼን ልታሳድግልኝ ነው። አሳደገቻቸው። እነሱ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሷ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳ ጋር ቀረች።

የቀን ማቆያ እንክፈት የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው አብሮ አደጌ፣ የድል በር ልጅ፣ ነርስ ናት። አናንዴል የኮሪያ ሽማግሎች ጧት ጧት በቫን ሲወሰዱ ታይ ነበር። ነገሩ በአሜሪካ ስደተኞች ዘንድ አዲስ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦን ሎክ፣ ወላጆቻችንን ነርሲንግ ሆም አናስገባም ላሉ ቤተሰቦች ሲል በ1973 የቀን ማዕከል ከፈተ። ዛሬ በብዙ ግዛቶች የሚሠራው ፔስ የሚባለው የአረጋውያን እንክብካቤ ፕሮግራም የተቀዳው ከዚያ ነው።

አብሮ አደጌ ሕክምናውን ታውቃለች፣ ወረቀቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ለስድስት ተገልጋይ ቢያንስ አንድ ሠራተኛ ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው 50 ስኩዌር ፊት ወለል፣ ያውም ኮሪደርና ቢሮ ሳይቆጠር። የሠራተኛው ሁሉ የወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ የእሳት አደጋ ፍተሻ። እኛ የተከራየነውን አዳራሽ በሜትር ለክተን ተደስተን ነበር፤ ግድግዳ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን ግን አልቀነስንም። ፈታሿ ሜትሯን ስትዘረጋ አንድ ሰው ከእጃችን ወጣ።

ከወለሉ ይልቅ ያንገበገበን ግን የገንዘቡ ሕግ ነበር። የአረጋውያኑ የጤና ዋስትና ሜዲኬር ለቀን ማቆያ በአብዛኛው አይከፍልም፤ ያለው በር ሜዲኬይድ ነው። በ1996ቱ የፌዴራል ሕግ ደግሞ አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ቨርጂኒያ በዚያ ላይ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ታሪክ ትጠይቅ ነበር፣ ማለት አሥር ዓመት። በሰባ ዓመቷ የልጅ ልጅ ልታዝል የመጣች ሴት አሥር ዓመት የት ትሥራ? ማዘሉ አይቆጠርም። የአሥር ዓመቱ ሕግ የተነሣው በኤፕሪል 2021 ነው፤ እኛም በሩን የከፈትነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እናቴ ስለ ቀን ማቆያው ስነግራት አኮረፈች። «ልጆች እያሉኝ መቄዶንያ ልትከቺኝ ነው?» ቢኒያም በለጠ ያቋቋመው ማዕከል ጧሪ የሌላቸውን ከጎዳና ያነሣልና፣ ስሙ ለእሷ «ሰው የለሽም» ማለት ነው። ጧት ሄዶ ማታ ቤት የሚያድር አረጋዊ በሰፈራችን አልታየም። ዛሬ «ትምህርት ቤት» ነው የምትለው። ቫኑ አምስት ደቂቃ ከዘገየ እኔን ትቆጣለች።

ግምገማው እንዴት አለፈ? ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ነርስ መጣች። አብሮ አደጌ አስቀድማ መክራኝ ስለነበር፣ «ትችያለሽ ወይ» ከምትል «ማን አደረገልሽ» ብላ እንድትጠይቅ ለመንኳት። «ካልሲሽን ዛሬ ማን አጠለቀልሽ?» እናቴ ፊቷ በራ። «ልጄ ናት! ገላዬንም የምታጥበኝ እሷ ናት፤ በጣም ትወደኛለች።» ነርሷ ጻፈች። ለእናቴ ያ ድካም አይደለም፣ ፍቅር ነው፤ በቅጹ ላይ ግን በድካም ሣጥን ገባ።

ማዕከሉ ውስጥ ቅጹ ያላሰበው ብዙ ነው። የእንቅስቃሴ መርሐ ግብራችን ላይ የልደት በዓል አለ፤ ፋይሉን ስንገልጥ የብዙዎቹ ልደት ጃንዋሪ 1 ሆኖ ተገኘ። አንድ ኬክ ለሃያ ሰው! በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት ምሳቸውን አይነኩም፣ ቫኑ የሚመልሳቸውም በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስኳር ያለባቸው አሰጉን። ቄስ አምጥተን ሕመምተኛ አይገደድም አስባልን። አንዷ ተነሥተው፣ «እኔ መች ታመምኩ?» አሉ።

ባለፈው ጥር አዲሱ ገበያ ሄጄ ጎረቤታችንን ጠየቅሁ። አራቱም ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፤ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ይኖራሉ። እናቴ ውሎዋ ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው፤ ቫኑን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን ስፖርት፣ ነርሷ የምትለካውን ግፊት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚፈላውን ቡና። «ለዚህ መንግሥት ይከፍላል?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሊሸኙኝ ሲነሡ ሠራተኛዋ ሮጣ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። ካልሲያቸውን ማን እንዳጠለቀላቸው ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።