ስድብ ከየት ይመጣል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ስድብ ነው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው የሚወራወሩትን ስድብ ማለታችን አይደለም። እሱ ሽማግሌ ሲገባ ይበርዳል። የምንነጋገረው አንድን ወገን በሙሉ፣ አባቱንም ልጁንም፣ ገና ያልተወለደውንም ጭምር ስለሚሰድብ ስድብ ነው። «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ስለሚለው ንግግር ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አራት ቃላት በየደብተራችሁ ጻፉ። ማረሻ። ምጣድ። ርስት። ስም። ጻፋችሁ? መልካም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እስቲ መጀመሪያ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የቀጠቀጠው ማነው? ባለ እጅ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ፣ ቡና የሚፈላበትን ጀበና የሠራችው ማናት? ሸክላ ሠሪ ናት። በብርድ የምትደርቡትን ጋቢ የሠራው ሸማኔ ነው። የምትተኙበትን ቁርበት ያለፋው ቆዳ ፋቂ ነው። ድሮ መጻሕፍት የሚጻፉበት ብራና እንኳ ቆዳ ተፍቆ የሚገኝ ነው። ዛሬ የምትማሩት ፊደል ለብዙ መቶ ዓመታት ያደረው በተፋቀ ቆዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህን ባለሙያዎች አገራችን ምን ስትላቸው ኖረች? ብረት ሠሪውን «ጠይብ» አለችው። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» አለቻት። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተባለ። በብዙ ቦታ ልጁን የሚድርላቸው፣ አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ ሰው አልነበረም። ነገሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ምጣዷ ከቤት ትገባለች፣ ሠሪዋ ግን ከደጅ ትመለሳለች። ማረሻው ይፈለጋል፣ ቀጥቃጩ ግን ይሸሻል።

ይህ በአንድ አካባቢ ብቻ የነበረ አይደለም። በከፋ «ማንጆ»፣ በጉራጌና በከምባታ «ፉጋ»፣ በጣና ሐይቅ ዳር «ወይጦ» የተባሉት ወገኖች እንዲሁ ተገልለው ኖረዋል። አንዱ በእጅ ሥራው፣ አንዱ በአደኑ፣ አንዱ በሚበላው ሥጋ ተሳበበበት። ሰበቡ ይለያያል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ? ሽማግሌዎቻችን «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ። ጎረቤት የተቀበለውን ስም መጀመሪያ ያወጣው ማነው? ለምንስ አወጣው? ይህን ለማወቅ የአንድ ሕዝብ ታሪክ እንከተል።

በጎንደር፣ በሰሜንና በወገራ የኖሩ ቤተ እስራኤል የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ሃይማኖታቸው የሙሴን ሕግ የሚከተል፣ ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው። እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት ነበራቸው፣ ያርሱ ነበር። ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ከእነሱ ጋር ተዋግቶ አሸነፋቸው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ የተጠመቀ ርስቱን ይዞ እንዲቀመጥ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስቱን እንዲያጣ አዘዘ። ከዚያም በኋላ ጦርነቱ ገና ብዙ ዘመን ቀጠለ። በመጨረሻ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የመዋጋት ኃይላቸው ተሰበረ።

እንግዲህ መሬት የሌለው ሰው በምን ይኑር? የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ ያ ካልበቃው እጁ ያወጣውን ይሠራል። ቤተ እስራኤልም ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርግ፣ ከዚያም በኋላ ግንብ ሲገነባ፣ በድንጋይና በእንጨት ሥራው ላይ እጃቸው ነበረበት። ቱሪስት የሚጎበኘው፣ እኛም የምንኮራበት የጎንደር ግንብ እኮ የእነሱም ላብ አለበት።

ዳሩ ግን የእጅ ሥራ መተዳደሪያቸው እየሆነ በሄደ ቁጥር፣ የቡዳነቱም ስም አብሮ እየጠነከረ ሄደ። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ተመልከቱ። ፈለሰ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው ይባላል። የፈለሰ፣ አገር የሌለው ማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም፣ ሲጠሩበትም ይከፋቸዋል። ግን ይህ ስድብ ራሱ ምስጢሩን ያወጣል። መጀመሪያ ሰውየውን ከመሬቱ ነቀሉት፣ ከዚያ «አገር የለሽ» ብለው ሰደቡት።

ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። መንጠቅ ይቀድማል፣ ስም ማውጣት ይከተላል። ለምን መሰላችሁ? ሰው የሰው ነገር ወስዶ እንዲሁ ዝም ብሎ አይተኛም። ኅሊናው ይወቅሰዋል። «የወሰድኩት እኮ ከሰው አይደለም፣ ከጅብ ነው» ካለ ግን እንቅልፍ ይወስደዋል። ስድብ የነጣቂ ትራስ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። «ባሪያ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ መልኩ የጠቆረውን ሰው ሁሉ ለመስደብ ይነገራል። ግን ይህ ቃል የመልክ ስም ነበረ እንዴ? አልነበረም። ተማርኮ የተሸጠ ሰው ስም ነው። ከምዕራቡ የአገራችን ክፍል ብዙ ሰዎች እየታደኑ ተሽጠዋል። እነዚያ ሕዝቦች ጉሙዝ፣ በርታ እየተባሉ የሚጠሩበት የራሳቸው ስም አላቸው። አዳኙ ግን ስማቸውን አልጠየቀም። «ሻንቅላ» ብሎ በአንድ ላይ ደመራቸው። እዚህም መጀመሪያ የመጣው ገመዱ ነው፣ ስሙ በኋላ መጣ።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ ባሪያ ነፃ የሚወጣበት አዋጅ በዚያው ዓመት ወጣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ባርነትን ጨርሶ ከለከለ። ሕጉ ሰውየውን ከገመዱ ፈታው። ምላሳችን ግን አልፈታውም።

«ታዲያ ይህን ነገር ድሮ ያየ፣ የተቃወመ ሰው አልነበረም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚጽፈውን ሁሉ በሥራው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል አሉ። በስድቡ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ባለሙያ ከተሰደበ ልጁ ሙያውን ይሸሻል፤ ሙያ የሸሸው አገር ደግሞ መርፌውንም ሳይቀር ከውጭ ይገዛል።

አዋጁ ጥሩ ነበር። ግን ስድቡን አላጠፋውም። ለምን? ስሙን ከለከለ እንጂ የተነጠቀውን አልመለሰማ! ባለ እጁ ከአዋጁም በኋላ በብዙ ቦታ መሬት አልነበረውም፣ ማዕድም አልቀረበም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ፣ በዘርና በቀለም መለየት እንደማይገባ ይናገራል። ሕግ በሩን ይከፍታል። በሩን አልፎ ጎረቤቱን «ና፣ እንብላ» ማለት ግን የእኛ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ቤተ እስራኤል እንመለስ፤ ታሪካቸው አላለቀምና። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ብዙ ሰው አለቀባቸው። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ወደ ሃይማኖት ወንድሞቻቸው መሄዳቸው ነበር። «ከእንግዲህ ቡዳ የሚለን የለም» ብለው ተስፋ አደረጉ።

እውነት ነው፣ እዚያ ቡዳ ያላቸው አልነበረም። ሌላ ስም ግን ጠበቃቸው። በቆዳቸው ቀለም «ኩሺ» ተብለው ተሰደቡ። በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ ነገር ተሰማ። ለሕሙማን ብለው የለገሱት ደም፣ ለእነሱ ሳይነገራቸው ይጣል ኖሯል። ምክንያቱ የኤድስ ፍርሃት ነው ተባለ። የእያንዳንዱን ሰው ደም መመርመር ሲቻል፣ የወገኑ ሁሉ ደም ተደፋ። «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ማለት ይህ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኹ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቅርያት ማላኪ በምትባል ከተማ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ ሰልፍ ተወጣ። አያችሁ? ርስት የምትለዋ ቃል እዚያም ተከትላቸዋለች።

ከዚህ ምን እንማራለን? እዚህ ሳሉ መልካቸው እንደ እኛው ስለሆነ፣ ሰበቡ ሃይማኖታቸውና ሥራቸው ነበር። እዚያ ሃይማኖታቸው አንድ ሲሆን፣ ሰበቡ መልካቸው ሆነ። ሰዎቹ አልተለወጡም። ሰበቡ ግን ተለወጠ። እንግዲያው ጥፋቱ በተሰዳቢው ላይ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አንድ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ወታደር መለዮውን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ወጣና ወጣቶቹ እንደገና አደባባይ ሞሉ። መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በ2008 ዓ.ም. ባቀረበው ዘገባ የዘር አድልዎ መኖሩን በጽሑፍ አመነ። አቤቱታ የሚቀበል ክፍልም ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ነገር አልቆ አላደረም። ነገር ግን ክፋትን በስሙ ጠርቶ መጻፍ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ይህን ታሪክ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ፊደል ሳትቆጥሩ በቆያችሁበት ዘመን «መሃይም» ተብላችሁ የለም እንዴ? ፊደል ያልቆጠራችሁት ጭንቅላት ስለሌላችሁ ነበር? አይደለም። ትምህርት ቤት በአጠገባችሁ ስላልነበረ፣ ከብት ስትጠብቁ፣ ውሃ ስትቀዱ ስለዋላችሁ ነው። መጀመሪያ ትምህርቱን አጣችሁ፣ ከዚያ ስሙ ወጣላችሁ። ያው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ስሙ የሚያቃጥለውን ያህል እንደሚያቃጥል የምታውቁ እናንተ፣ ለሌላው አታስተላልፉት።

በዕለት ኑሯችን ምን እናድርግ? ጥቂት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ «እነሱ እንዲህ ናቸው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ሳትቆጡ ጠይቁት። «አንተ በዓይንህ አይተሃል? ማንን? መቼ?» በሉት። አብዛኛው ሰው «ሲባል ሰምቼ ነው» ይላል። ሲባል የተሰማ ነገር ምስክር አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ብላችሁ አትዘግዩ። ትኩሳቱ ወባ ሊሆን ይችላል። ተቅማጡ ከውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሸክላ ሠሪዋን ስታሳድዱ ልጁ ያመልጣችኋል። ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ ስድብ የሚጎዳው ተሰዳቢውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የተሳዳቢውንም ልጅ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት። ካላወቃችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ በልጆች ፊት ተጠንቀቁ። ልጅ ቡዳን ከማኅፀን ይዞ አይወለድም። ከእኛ አፍ ይሰማዋል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና፣ ከአፋችን ሳይወጣ እናስቀረው።

አምስተኛ፣ ተሰዳቢው እናንተ ብትሆኑ፣ ነገሩን ለብቻችሁ ውጣችሁ አትቀመጡ። ለዕድራችሁ፣ ለሽማግሌዎች ንገሩ። ካልሆነም ለሕግ አቤት በሉ። የሆነውን፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉት። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። የተጻፈ አቤቱታን «አልሰማሁም» ማለት ይከብዳል።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት፣ በየጣቢያችሁ ተሰብስባችሁ የምትወያዩባቸውን ጥያቄዎች እንስጣችሁ።

1. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በባለ እጅ የተሠሩት የትኞቹ ናቸው? አምስቱን ጻፉ።

2. በአካባቢያችሁ ስም የወጣለት ወገን አለ? ስሙ ከመውጣቱ በፊት ምን ነበረው? ምንስ አጣ? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ኑ።

3. የዐፄ ምኒልክ አዋጅ ስድቡን ለምን አላጠፋውም?

4. በሚቀጥለው በዓል ከዚህ ቀደም ጠርታችሁት የማታውቁትን ጎረቤት ትጠራላችሁ? መልሱን በደብተር አትጻፉት። በዕለቱ በማዕዱ ላይ ይታያል።