ንጉሥ የማይከሰስበት ሕገ መንግሥት

በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለዜጋው ብዙ የሰጠ ሰነድ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን አዋጅም ሆነ ትእዛዝ ዋጋ እንደሌለው በአንቀጽ 122 ይደነግጋል። በአንቀጽ 62 ደግሞ መንግሥትና መሥሪያ ቤቶቹ ባደረሱት ከባድ ጉዳት እንዲከሰሱ ይፈቅዳል። ያው አንቀጽ ግን አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ እንደማይቻል ይናገራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል የሕግ ልብስ ለብሶ ገባ። ዳኞቹን የሚሾመውም የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚመርጠውም ይኸው የማይከሰሰው ሰው ነበር። እንግዲህ መብት ምንም ያህል በዝርዝር ቢጻፍ፣ ተጣሰ ብሎ የሚፈርደው አካል ከጣሹ እጅ ካልወጣ ጠባቂ የለውም ብዬ እከራከራለሁ።

የችግሩ ሥር ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ያረቀቁት ይህ ሰነድ የመኖሪያ ቤትንና የንብረትን ጥበቃ ይዘረዝራል፤ ምዕራፉን የሚዘጋው አንቀጽ 29 ግን ጦርነት ወይም አገራዊ መከራ ሲመጣ ከእነዚህ አንዱም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን እንደማያግድ ይገልጻል። መኳንንቱን በሕግ ለመግራት መጀመሪያ ጠንካራ ማዕከል ያስፈልግ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ለገባሩ የአካባቢው ገዢ ከሩቁ ንጉሥ ይልቅ የከፋ ነበር። ሆኖም ከመኳንንቱ የተነጠቀው ሥልጣን ወደ ሕግ አልሄደም፤ ወደ ዙፋኑ ሄደ።

ውጤቱ በ1967 ዓ.ም. ታየ። ደርግ መስከረም 2 ቀን ሕገ መንግሥቱን በአንድ አዋጅ አገደ። ኅዳር 14 ቀን ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከነርሱ ጋር ወደቁ። ጠመንጃን የሚያቆም ወረቀት የለም ይባል ይሆናል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዙፋኑ ውጭ በራሱ የቆመ ተቋም ኖሮ ቢሆን ዙፋኑ ሲወርድ ሁሉም ነገር አብሮ ባልፈረሰ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 48ቱን ሰዓት በአንቀጽ 19 መልሶታል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ግን፣ የሚገርመው እንደገና በአንቀጽ 62፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አልተሰጠም። ሰነዱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም ወኪሎቻቸው መሆን አለባቸው የሚለው ክርክር ስለ ክልሎች ወሰን ወይም ስለ ራስ አስተዳደር ሲነሳ ሚዛን ይደፋል። በሦስተኛው ቀን ጣቢያ ውስጥ ያለው እስረኛ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ከዚያ ይለያል፤ ያሰረውን አካል ጠርቶ የሚጠይቅ ዳኛ፣ ዛሬውኑ፣ ያስፈልገዋል።